ሰማንያ ሳይሞላ

የሐምሌ ጉም ከዐባይ ሸለቆ ይነሣና ገደሉን እንደ አሮጌ መነኩሴ እያረፈ ይወጣዋል። ከመካነ ሰላም በላይ ያለውን አገር ሲያለብሰው ሰውና ዛፍ አይለይም። የትምወርቅ መደቧ ላይ ተጋድማ በበሩ ስንጥቅ ሲገባ ታየዋለች። ይገባል፣ ምሰሶውን ይዞራል፣ ከግርጌዋ ቁጭ ይላል። የአራስ እንቅልፍ እንቅልፍ አይደል፣ ንቃቷም ንቃት አይደል፤ አንዳንዴ ጉሙ ራሱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ይመስላታል። ዐይኗን ስትገልጥ ግን ጎረቤት ናት፣ ገንፎ ልትበላ የመጣች።

ገንፎው ሰበብ ነው እንጂ ሰው የሚመጣው ልጅቱን ሊያይ ነበር። ስትወለድ ጭብጥ ታህል ነበር። ጡት ትይዝና ቶሎ ይደክማታል፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ይላል፤ ትተዋለች፣ ደግሞ ትይዛለች። ዐይኗ ግን ሌላ ጉድ ነው። በዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ የሶላሯ መብራት ከጎን ስታርፍባት፣ ከብሌኗ መሃል አንዲት ነጭ ጮራ ብልጭ ትላለች። መጀመሪያ ያዩት እቴቴ ናቸው፣ የባሏ እናት። «ኮከብ ይዛ የመጣች!» ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። ከዚያ ወዲያ ክርስትና እስክትነሣ ሌላ ስም አልተፈለገላትም፤ ኮከቤ ተባለች። እቴቴ ቡዳ ፈርተው በሩን ይዘጋሉ፤ ጉራ ይዟቸው መልሰው ይከፍታሉ። ሁለቱም ጠባይ አንድ ሰው ላይ ሲገናኝ በር መከራውን ያያል።

የትምወርቅም ኮከቡን አልጠላችውም። በሰመመኗ ውስጥ ልጅቱ ከሰማይ በቀጭን ክር ስትወርድ ታያታለች፤ መብራቷን በጇ ይዛ «ይህ የማነው ቤት?» እያለች። «ያንቺ ነው፤ ግቢ» ትላታለች። ልጅቱ ግን ትቆማለች፤ በሩን አታገኘውም።

ስትነቃ ፊቷን ወደ ልጇ አስጠግታ ወዲያ ወዲህ ትላለች። የልጅቱ ዐይን አይከተላትም። በራሱ ጊዜ ይሄዳል፣ በራሱ ጊዜ ይመለሳል፣ ጨረቃ በሌለችበት ጠላ ጠጥቶ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሰው። «ገና ናት» ትላለች የትምወርቅ። እናት ከሁሉ ቀድማ ታውቃለች፤ ከሁሉ ቀድማም ለራሷ ትዋሻለች።

ጉሙ ወደ ዝናብ በተለወጠበት አንድ ከሰዓት በኋላ ፈርሂያ መጣች። ጤና ጣቢያ ያዋለደቻት ነርስ ናት፤ እዚያው መካነ ሰላም ተወልዳ ያደገች፣ ሂጃቧን በመርፌ ቁልፍ ጥርቅም አድርጋ የምታስር ፈጣን ልጅ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እማማ!»

«ወዐለይኩም ሰላም! ግቢ የኔ ልጅ፣ በሰበስሽ እኮ!» አሉ እቴቴ፣ የአንገታቸውን መስቀል ወደ ነጠላቸው መለስ እያደረጉ። «ቁጭ በይ፣ ገንፎ ቅመሺ።»

«መጀመሪያ ልጅቱን፣ ኋላ ገንፎውን።»

የደረት ማዳመጫዋን አውጥታ ልጅቱ ደረት ላይ አኖረች። አቆየችው። አነሣችና መልሳ አኖረችው። ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሄደ፤ የትምወርቅ አየችው። ከዚያ ፈርሂያ የስልኳን መብራት አብርታ ወደ ልጅቱ ዐይን መለሰች። ያ ጮራ በጠራው መብራት ሲታይ ኮከብነቱን ጣለ፤ የእርጎ ጠብታ መሰለ።

«ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው ያለባት?»

«ከእናቷ ሆድ ነዋ! ኮከብ አጅባር ገበያ ይሸጣል?» አሉ እቴቴ።

«እማማ፣ ኮከብ አይደለም። ሞራ ነው።»

«ምን?»

«የዐይን ሞራ። ሁለቱም ዐይኗ ላይ።»

እቴቴ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሞራማ የኔ ነው! የትናንቷ ልጅ ሞራ ከየት ታመጣለች፣ ከኔ ተውሳ?»

የትምወርቅ አልሳቀችም። በደረቷ ውስጥ አንድ በር ሲከፈት ሰማች፤ ከጀርባው የቆመውን ነገር ገና ድሮ ታውቀው ነበር።

ፈርሂያ ወደሷ ዞረች። «የትሜ፣ ስታረግዢ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አተኩሶሽ ያውቃል? ሽፍ ብሎብሽ?»

እዚያው ተኝታ ሳለ ኅዳር መጣባት፣ ከነነፋሱ፣ ከነገብስ አጨዳው።

ኅዳር ላይ የባሏ ወንድም ልጅ፣ ትንሹ ብዙአየሁ፣ ሰውነቱ ሽፍ ብሎበት ነበር። በዚህ ቤት እንዲህ ያለውን ሕመም በስሙ አይጠሩትም፤ «እንግዳ ገብቷል» ይላሉ። እንግዳ ሲገባ ሽንኩርት አይቁላላም፣ ሰው አይጣላም፣ ወለሉ ላይ ለምለም ሣር ይጎዘጎዛል። ቅር ብሎት እንዳይሄድ ፊቷ የበራ አንዲት ሴት ትመረጥና ታስተናግደዋለች። እቴቴ የመረጡት የትምወርቅን ነበር። «ምላሷን ተዉት፤ ፊቷ ግን ንጋት ነው» ብለው። እሷም ልጁን በለብታ ውኃ አጠበችው፣ ጉንጯን ከጉንጩ ገጥማ አስተኛችው፣ ለእንግዳው ጣፋጭ ጣፋጭ ቃል አወራችለት። በሳምንታት ውስጥ እሷም ላይ ሽፍ አለ፤ ከጆሮዋ ጀርባ እንደ ሽምብራ ያለ ነገር አበጠ፤ ሦስት ቀን ዋለና ጠፋ። «እንግዳው ወዶሽ አንቺም ጋ ጎራ አለ!» ተባለና ተሳቀ።

በዚያን ጊዜ አርግዛ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ለባሏ ለፈንታሁን እንኳ አልነገረችውም፤ እሱ ራሱ ጠርጥሮ ዝም አለ እንጂ። እርግዝና ሆድ እስኪናገረው አፍ አይናገረውም፤ የሰው ዐይን ይገባበታል። ያረገዘች ሴት እንግዳ የገባበት ቤት እንደማትረግጥ ደግሞ እቴቴ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ቢያውቁ ኖሮ ከደጅ ይመልሷት ነበር። አንዱ ወግ «አትግቢ» ይላል፣ ሌላው ወግ «አትናገሪ» ይላል፤ በሁለቱ መሃል እንግዳው አለፈ።

«ሽፍ ብሎብኝ ነበር» አለች የትምወርቅ። «ኅዳር ላይ። የብዙአየሁን እንግዳ ሳስተናግድ።»

የእቴቴ ሳቅ የሄደበት አልታወቀም።

ፈርሂያ በርጩማውን ስባ ተጠጋች። «ደሟ ሳይመረመር አልምልም። ግን ያ እንግዳ ትልቁ ኩፍኝ አልነበረም፤ እሱን የሚመስል ሌላ ነው፣ ሩቤላ ይሉታል። ልጅ ላይና ትልቅ ሰው ላይ ቀለል ብሎ ያልፋል። እርጉዝ ሲያገኝ ግን እናቲቱን ትቶ ወደ ጽንሱ ይገባል። ዐይን ይነካል፣ ጆሮም ሌላም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው በይኛ።»

«አብሽሪ! ወላሂ የማንም አይደለም። አሁን የሚያስፈልገን ጥፋተኛ አይደለም፣ መኪና ነው። ዐይን ማየትን የሚማረው ልጅ ንግግር እንደሚማረው ነው። ገና በጨቅላነቱ ብርሃን ካልገባለት፣ ኋላ ሞራው ቢነሣ እንኳ ማየቱን አያውቅበትም። በዚህ ሳምንት ደሴ ትግባ። እዚያ አይተው ካልቻሉ አዲስ አበባ ይልኳታል።»

«ሰማንያዋ ሲሞላ ትሄዳለች» አሉ እቴቴ። ድምፃቸው ቀዝቅዟል።

«ሰማንያ ቀን ከጠበቅንማ ጊዜው ያልፋታል፣ እማማ።»

«ስሚ፣ ፈርሂያ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣ፤ እናንተም ጎረቤት ናችሁ፣ ታውቁታላችሁ። ሳትጠመቅ ቢላዋ ሥር ገብታ እዚያው ብትቀርስ? ፍታት የላት፣ ስም የላት፣ ወዲያኛው ዓለም ሄጄ ማን ብዬ ልጥራት? ዐይነ ስውር ልጅ አሳድጋለሁ፤ መርቼ አሳድጋታለሁ። ነፍሷን ግን በየትኛው እጄ ልምራት?»

እቴቴ ተሳዳቢ ናቸው፣ ጉረኛ ናቸው፤ በዚያች ሰዓት ግን የተናገሩት የልባቸውን ነበር።

«ምንም አትሆንም እኮ» አለች ፈርሂያ። «በመድኃኒት ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ በቃ።» ይህን ስትል ግን የደረት ማዳመጫዋን እየጠቀለለች ነበር፤ ዐይኗም እዚያው ላይ ቀረ።

ፈርሂያ ከሄደች በኋላ የትምወርቅ ጆሮዋን ከልጇ ደረት ገጠመች። መጀመሪያ የራሷን ደም ሰማች። ቀስ ብሎ ሌላው መጣ፤ ከትንሿ የልብ ምት ሥር ሹ… ሹ… የሚል፣ በድንጋይ መሃል እንደሚያልፍ ቀጭን ውኃ። እንደዚያው ጆሮዋን ሳታነሣ እንቅልፍ ወሰዳት። በሕልሟ ልጅቱን አዝላ ጉም ውስጥ ትሄዳለች። ውኃው ከፊቷ ይሰማታል፤ ለመሻገር ዝቅ ስትል ከኋላዋ ይሰማታል። ወንዙን ያዘለችው እሷው ነበረች። ብድግ ስትል ፈንታሁን ራስጌዋ ቆሟል፣ ቡሉኮው ዝናብ ያንጠባጥባል። ቃል የማያባክን ሰው ነው። «ቄስ ይሄነውን ነገ ይምጡ ብያቸዋለሁ» አላት። «ፈርሂያንም።»

ቄስ ይሄነው የቤቱ የነፍስ አባት ናቸው። መጡ፣ መስቀላቸውን አሳለሙ፣ ነገሩን ከሥሩ ሰሙ፣ ጢማቸውን አሻሹ።

«ቀኖናው ድንጋይ አይደለም» አሉ። «ሕፃን ለሞት ያሰጋል ከተባለ ቀን አይጠበቅም፤ በተወለደች ማግስትም ቢሆን ትጠመቃለች። ዐይን ግን… ዐይን ሞት አይደለም። በዐይን ምክንያት ቀኑን ባፈርስ ነገ ሌላው በሠርግ ምክንያት አፍርስ ይለኛል።» ወደ ፈርሂያ ዞሩ። «አንቺ ታውቂያለሽ። ለሞት የሚያሰጋት ነገር አለ?»

እቴቴ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ፈርሂያ አየቻቸው፤ ከንፈሯ «የለም» ለማለት ሲዘጋጅ የትምወርቅ አየችው። ሰው እንዳይደነግጥ ብላ ነው፣ በደግነት። በዚህ አገር ደግነት ስንቱን ገድሏል።

«ፈርሂያ!» አለች፣ ከመደቧ ቀና ብላ። «ደረቷ ላይ የሰማሽውን ተናገሪ።»

«የትሜ፣ አራስ ነሽ ብዬ…»

«አራስ ነኝ እንጂ ሕፃን አይደለሁም። እኔም ሰምቼዋለሁ። ተናገሪ!»

ፈርሂያ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ልጅ ማኅፀን ሳለ ልቡ አጠገብ ትንሽ መሸጋገሪያ ክፍት ይሆናል፤ ሲወለድ ይዘጋል። የሷ ያልተዘጋ ይመስለኛል። በጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ በመሣሪያ የሚያየው ሐኪም ነው። ቶሎ የሚደክማት፣ የሚያልባትም ለዚሁ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ልብ ላላት ልጅ የእንቅልፉ መድኃኒት ከሌላው ልጅ ይልቅ ይከብዳል። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ልቧን ያያሉ፤ ይጠነቀቃሉ፤ ብዙዎቹ ይነቃሉ።» ቆም አለች። «ሁሉም ይነቃሉ ብዬ ግን አልምልም፣ አባ።»

«አልምልም አልሽ» አሉ ቄስ ይሄነው በቀስታ።

«አልምልም።»

«እንግዲያው ነገ ከቅዳሴ በኋላ ውኃው ይዘጋጃል።»

እቴቴ ልጅቱን አዩ፣ ቄሱን አዩ። «ሞት ሲገኝ ነው መንገድ የተገኘው?» አሉና ማልቀስ ጀመሩ፣ ያለ ድምፅ፤ እንባቸውን ለማንም አላሳዩም፣ ለጉሙ ካልሆነ።

ፈርሂያ ልትወጣ ስትል ወደ መደቡ ተመልሳ የትምወርቅን በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። ያ ሕመም ገና ከልጅቱ ጋር ነው፤ በምራቋ፣ በሽንቷ ይወጣል፤ ምናልባት እስከ ዓመቷ። «ያረገዘች ሴት አትቀፋት፣ አትሳማት።» የትምወርቅ ኮከብ ለማየት የመጡትን ሁሉ ባንድ ጊዜ አየቻቸው፤ ያቀፉ፣ የሳሙ፣ ጣታቸውን ያስጠቡ። ከነሱ ውስጥ ስንቷ ናት እንደሷ ደብቃ የምትዞር?

በማግስቱ ጠዋት የትምወርቅ ከደብሩ ቅጥር በር ላይ ቆመች። የሴት ልጅ አራስ ሰማንያዋ ሳይሞላ ቅጥሩን አታልፍም፤ ስለዚህ ልጇን እዚያው በር ላይ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር፣ ለክርስትና እናቷ ታስረክባለች። የክርስትና እናት የተባለችው ሰብሌ ናት፣ አብሮ አደጓ፣ ባለፈው ጥር የተዳረች። ነጭ ለብሳ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ መጣች። ከኋላዋ የመንደሩ ሴቶች በጉሙ ውስጥ ነጭ በነጭ ሆነው፣ ከወገባቸው በታች የሌሉ ይመስላሉ።

የትምወርቅ ልጇን አልሰጠችም።

«ሰብሌ» አለች ዝቅ ብላ። «አርግዘሻል?»

የሰብሌ ፊት እንደ በር ተዘጋ። «ምን ማለትሽ ነው? ክርስትና ይዘን ቆመን!»

«ማርያም ማርያም!» አለች አንዷ ከኋላ። «ይህ ባደባባይ ይጠየቃል?»

«አራስ ስትወጣ ይኸው ነው፣ ነፋስ መትቷታል።»

«ምላሷ መቼ አራስ ሆኖ ያውቃል!» አለች ሌላዋ፤ ጥቂቶች ሳቁ።

የትምወርቅ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ሳቁ! እኔም ኅዳር ላይ ሆዴን ደብቄ ስስቅ ነበር። ዐይን እንዳይገባባት ብዬ ደበቅኳት፤ ይኸው ዐይኗ ውስጥ ገባባት። በልጄ ላይ ያለው ሕመም ጽንስ ይፈልጋል። ያረገዘች ካለች ትራቅ። ስሟን አልጠራም፣ ወሯን አልጠይቅም። ወደኋላ ፈቀቅ ትበል፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጉሙ ብቻ ተንቀሳቀሰ። የሰብሌ እጆች እንደተዘረጉ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱና ሆዷ ላይ፣ ከነጠላው በላይ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደረቡ። ወደኋላ ሄደች። እያለቀሰች ይሁን እየሣቀች አይታወቅም። ከሴቶቹ መሃል ደግሞ አንዲት፣ ማንም ያልጠረጠራት፣ የብዙአየሁ እናት፣ አንገቷን ደፍታ ፈቀቅ አለች፤ የሴቶቹ ራስ ሁሉ ባንዴ ዞረ። «አንቺም! መች?» የሚል ሹክሹክታ ሮጠና በጉሙ ውስጥ ጠፋ።

«ውኃው እየቀዘቀዘ ነው» አሉ ቄስ ይሄነው ከውስጥ። «የክርስትና እናት የላትም?»

ከበሩ ጥግ እማሆይ ብርሀንነሽ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው የቆሙት አሮጊት መነኩሲት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለኔ ስጡኛ! እኔ ካረገዝኩማ ገድል ይጻፍልኝ።»

ያን ጊዜ ቄሱም ሳቁ። እማሆይ ልጅቱን ተቀብለው ገቡ፣ በሩም ተገፋ።

የትምወርቅ ከውጭ ቀረች። ግንባሯን ከቅጥሩ ድንጋይ ላይ አሳረፈች። ድንጋዩ እርጥብ ነው፤ ከወዲያ የሚመጣው ጸሎት በድንጋዩ ውስጥ ተጉዞ ወደ አጥንቷ ይገባል። ምድሩ ከሥሯ ቀስ ብሎ የሚሄድ መሰላት፤ ደብሩ፣ ጽዱ፣ ሴቶቹ፣ እሷም፣ ሁሉም ባንድ ትልቅ ታንኳ ላይ ሆነው በጉሙ ላይ ይንሳፈፋሉ። ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ የውኃ ድምፅ ተሰማ፣ ከውኃው በላይ ደግሞ የልጇ ጩኸት ወጣ። ያቺ ጡት እንኳ የሚደክማት ልጅ፣ ቅጥሩን የሚሰነጥቅ ጩኸት ጮኸች። ታንኳው ቆመ።

«ወለተ ሐና!» አሉ እማሆይ ሲወጡ፣ ልጅቱን ከነማተቧ እያስረከቡ። «አደራ፣ ሐኪሞቹንም በዚሁ ስም ጥሯት በያቸው።»

ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ በማግስቱ ማለዳ ከመካነ ሰላም መናኸሪያ ሞተሩን አስነሣ። ፈንታሁን ከረጢቱን ከመቀመጫ ሥር አስገባ፣ የትምወርቅ ልጇን በጋቢ ሸፍና ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። እቴቴ ሊሰናበቱ እንደመጡ ሁሉ ከታች ቆመው ነበር። በሩ ሊዘጋ ሲል ግን የበሶ ቋጠሯቸውን አስቀድመው ወረወሩና እጀታውን ይዘው ወጡ።

«እናቴ፣ ወዴት ነው?» አለ ፈንታሁን።

«ወዴት ይሆናል? የአራስ መቃብር አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቅ። ይክፈት! እኔ አፋፉ ላይ እቀመጥበታለሁ፤ ማን አልፎኝ እንደሚገባ አያለሁ። ጠጋ በል።»

ጠጋ አለ።

አውቶቡሱ ጭቃውን እየረገጠ ወደ አቀስታ ደጋ ሲወጣ ጉሙ መስኮቶቹን ሁሉ ነጭ ቀባቸው። ሰው እየተኛ ራሱን ባጠገቡ ሰው ትከሻ ላይ ይጥላል። መንገድ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተሳፍራ ከእቴቴ ጎን ባለው መቀመጫ ተቀመጠች። ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ ጋቢውን አየት አድርጋ እጇን ዘረጋች።

«ስታምር! እስቲ ልያዝላችሁ፣ ደክሟችኋል።»

የትምወርቅ አፏን ከፈተች፤ እቴቴ ግን ቀደሟት። ሴትዮዋን ከሻሿ እስከ ጫማዋ አዩአት፣ ከዚያ ወደ ጆሮዋ ተጠግተው አንድ ነገር ጠየቋት። ወጣቷ ደነገጠች፤ ግራ ቀኝ አየች፤ የሾፌሩ ዘፈን ከፍ ብሎ ነበር። እሷም ወደ እቴቴ ጆሮ ጎንበስ ብላ መለሰች።

«ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አሉ እቴቴ በሹክሹክታ፣ ጉልበቷን መታ መታ አድርገው። ከዚያ አውቶቡሱ እስኪነቃ ድረስ ጮሁ። «አንተ ረዳት! ለዚች ልጅ ከፊት ቦታ ፈልግላት፤ እዚህ ከኋላ ያንገጫግጫታል!»

ወጣቷ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ፊት ሄደች። የትምወርቅ ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረች። ደሴ ገና ሩቅ ነበር።